ፕራዶ ነው የሚለው

«ፕራዶ ነው የሚለው» አለች ሀና። ስልኩን ለክፍል ጓደኛዋ ለክንዱ መለሰችለትና ወደ ልብሷ ጎንበስ አለች። «ተጽፏል እኮ፣ አንብበው። ቶዮታ ፕራዶ። የኔ ወንድም የሚነዳው ሌክሰስ ነው።»

ክንዱ ስልኩን እንደያዘ ወንዙ ዳር ተገትሮ ቀረ። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው። ከወገዳ ከተማ በታች ያለው ወንዝ በዚህ ሰዓት የገጠር ተማሪዎች ነው፤ ሁሉም የሳምንት ልብሱን ይዞ ይወርዳል፣ ድንጋዩም ሁሉ ሸሚዝና ቀሚስ ይለብሳል። ክንዱ ግን ልብስ ሊያጥብ አልመጣም። ጉብታው ላይ ኔትወርክ ሲመጣለት አንድ ነገር አየና ለማን እንደሚያሳይ እንኳ ሳያስብ ቁልቁል እየሮጠ ወረደ። የክፍላቸው የመኪና ሊቅ እሱ ስለሆነ መኪና ያለበት ወሬ አያመልጠውም። ክፉ ልጅ አይደለም፤ አፉ ግን ከሐሳቡ ይቀድማል።

«እስቲ ልየው» አለች እድላዊት እጇን ከሳሙናው አረፋ እያወጣች።

መኪናው ገደል ውስጥ በጎኑ ተጋድሟል። ወደ ፎቶ አንሺው የዞረው ሆዱ ነው፤ ጎማ፣ ብረትና አፈር። ከፎቶው በላይ «ትናንት ንጋት ላይ በዓባይ በረሃ አንድ ቶዮታ ፕራዶ መኪና መንገድ ስቶ ገደል በመግባቱ የአሽከርካሪው ሕይወት አለፈ» የሚል ጽሑፍ አለ። ስም የለም፣ ታርጋ የለም። ከሥሩ የማታውቃቸው ሰዎች «ነፍስ ይማር» እያሉ ተደርድረዋል። የእድላዊት ልብ አንዴ ዘለለና ወደ ቦታው ተመለሰ። የተመለሰ መሰላት እንጂ አልተመለሰም።

«አየሽው?» አለች ሀና ቀና ሳትል።

«አየሁት።»

«ፕራዶ ነው አይደል?»

«ፕራዶ ነው የሚለው» አለች እድላዊት። ክንዱ ስልኩን ኪሱ ከተተና ሽቅብ ወጣ።

ነገሩ እንዲገባ ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። ሀናና እድላዊት ከአንድ ቀበሌ የመጡ የዐሥረኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው። ሰፈራቸው ሩቅ ስለሆነ ወገዳ ላይ አንዲት ክፍል ቤት ተከራይተው፣ አንድ ፍራሽ ላይ እየተኙ፣ በየሳምንቱ ከቤት የሚላክላቸውን ስንቅ እየተካፈሉ ይማራሉ። የሀና ታላቅ ወንድም ንጋቱ አዲስ አበባ ውስጥ የአንዲት ነጋዴ ሴት ሹፌር ነው። አባታቸው ከሞተ ወዲህ ለሀና አባትም ወንድምም እሱ ነው፤ ደብተር አልቆባት፣ ጫማ ተቀዶባት ሳትነግረው የሚያውቅ ይመስላል። ስልክ ላይ የመምህሮቿን ስም በቅጽል እየጠራ ያስቃታል። የሚነዳው መኪና ደግሞ ሌክሰስ ነው።

ጉዱ የጀመረው ከዚህ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ሳሉ ሀና «ወንድሜ ሌክሰስ ነው የሚነዳው» ስትል አንዱ ከኋላ «የሳል መድኃኒት ነው የወስፋት?» አላትና ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አይፈረድባቸውም። ወገዳ ላይ መኪና ማለት ቶዮታ ነው። ያንን ኮረኮንች ወጥቶ ወርዶ የሚደርሰው እሱ፤ ምጥ የያዛት ሴት የሚጭነውም፣ የመንግሥት ሰው ይዞ የሚመጣውም እሱ። ሕፃናት እንኳ ሲጫወቱ «ቶዮታ ነኝ» ብለው ነው የሚያጓሩት። ሌክሰስ ግን እንኳን መኪናው ስሙም ወገዳ ገብቶ አያውቅም ነበር።

አዲስ አበባ ላይ ነገሩ ተገላቢጦሽ መሆኑን ያስረዳቸው ክንዱ ነው። ከዚህም ከዚያም ለቃቅሞ መጣና በእረፍት ሰዓት ሰሌዳው ፊት ቆመ።

«ስሙኝማ» አለ። «ፋብሪካው አንድ ነው። ቶዮታ፣ ሌክሰስ፣ ዳይሃትሱ እህትማማቾች ናቸው። ቶዮታን የአዘቦት ልብስ በሉት፤ ሁሉም ይለብሰዋል፣ ጠንካራ ነው። ሌክሰስ የክት ነው። ያው ሰው ሰፍቶት፣ ጥለቱን አሳምሮ ለሀብታም ያወጣዋል። ዳይሃትሱ ታናሽየዋ ናት፤ ትንሽ፣ ርካሽ፣ ለመላላክ የምትሆን። የሀና ወንድም የሚነዳት ዓይነት ሌክሰስ ደግሞ ከፕራዶ ጋር አጥንቷ አንድ ነው። ወንበሩ፣ ቆዳውና ምልክቱ ነው የሚለየው። ዋጋው ግን የሰማይና የምድር ያህል!»

«በቃ ያው ቶዮታ ናት» አለች እድላዊት።

«አይደለችም!» ሀና ከመቀመጫዋ ተነሣች። «ንጋቱ ነግሮኛል። ትልቅ ሆቴል ሲገቡ በረኞቹ ቶዮታውን አስቁመው ይፈትሹታል፤ ሌክሰሷን ሲያዩ በሩን ከፍተው እጅ ይነሣሉ። ሴትዮዋ ራሷ ‹ቶዮታሽ› ሲሏት ትቆጣለች።»

«ትቆጣ። አጥንቷ አንድ ነው ተብሏል።»

ከዚያ ወዲህ ዓመት ሙሉ ሲከራከሩ ኖሩ። ምሳ ሲበሉ፣ ውኃ ሲቀዱ፣ ፍራሹ ላይ ጋደም ብለው፤ ሀና «ይለያያሉ» ትላለች፣ እድላዊት «ያው ናቸው» ትላለች። ሀና አንድ ቀን «እንደው ለኔ ስትይ አንዴ ብቻ ይለያያሉ በይኝ» ብላ ብትለምናት፣ እድላዊት «ሞቼ ነው!» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

እድላዊት ለመኪና ግድ ኖሯት አይደለም። ቅናት ነው፤ ሌላ ስም አይገኝለትም። ሀና የሚደውልላት ወንድም አላት፣ እሷ የላትም። ንጋቱ ደውሎ ሀና ስትስቅ ስታይ ያንን ሳቅ ትንሽ ዝቅ ማድረግ ያምራታል። ሀናም ይህን ሳታውቅ አልቀረችም፤ ግን አልተቀየመቻትም። ባለፈው ሳምንት ንጋቱ ሲደውል እንኳ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጋ አሰማቻት።

«ሴትዮዋ ለጥምቀት በአውሮፕላን ጎንደር ትሄዳለች» አለ ንጋቱ። «እኔ መኪናዋን በምድር ይዤላት እሄዳለሁ። ስመለስ አስፈቅጄ ወገዳ ብቅ እላለሁ። ያቺ ጓደኛሽ ምልክቷን በእጇ ትንካትና ከዚያ በኋላ ያው ናት ትበል።»

እድላዊት ያን ቀን ስቃ ነበር።

አሁን ወንዙ ዳር ሀና አንዷን ሸሚዝ ከሚገባው በላይ ታሻለች። «ሰኞ ነው የሚነሣው» አለች ማንም ሳይጠይቃት። «ሰኞ ወይ ማክሰኞ ነው ያለኝ። ትናንት ዓርብ ነበር።» ሸሚዙን ድንጋዩ ላይ ጥላ ወደ ጉብታው ወጣችና ደወለች። ጥቂት ቆይታ ተመለሰች። «ዝግ ነው። ባትሪው ይሆናል። ሁልጊዜ ባትሪ አይዝለትም።»

«ይሆናል» አለች እድላዊት።

«አንቺ ሂጂና ምሳ ጣጅ። እኔ አለቅልቄ እመጣለሁ።»

እድላዊት የታጠበውን ልብስ በሳፋ አድርጋ ዳገቱን ወጣች። ከተከራዩት ቤት አጥር ሥር ሁለት ሰዎች ቆመው አገኘች። አንደኛው መሪጌታ ገብረ ሕይወት ናቸው፤ የሀና እናት ታላቅ ወንድም፣ የቀበሌያቸው ደብር መሪጌታ። ለእድላዊትም፣ ለሀናም፣ ለንጋቱም ፊደል ያስቆጠሩ እሳቸው ስለሆኑ ሁሉም የኔታ ነው የሚላቸው። አጠገባቸው ያሉት ጎረቤታቸው አቶ ወርቁ ናቸው። የሁለቱም እግር እስከ ጉልበት አቧራ ለብሷል። ገና በማለዳ ተነሥተው እንደመጡ ያስታውቃል።

«የኔታ! እንዴት ዋሉ? በደኅና ነው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ሀና የት ናት?»

«ወንዝ ነች። ልብስ እያጠበች ነው።»

«ደግ» አሉ መሪጌታ። አቶ ወርቁን አየት አደረጉ፤ አቶ ወርቁ ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዞሩ። «ሳፋውን አስቀምጪው ልጄ።»

እድላዊት አላስቀመጠችውም። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን አውቃዋለች፤ ሳፋውን ይዛ ከቆመች የማይነገራት መሰላት።

«ንጋቱ ዐረፈ» አሉ መሪጌታ።

«ፕራዶ ነው የሚለው እኮ የኔታ!» ከአፏ የወጣው ይህ ነው። ዓመት ሙሉ ያው ናቸው ስትል የኖረችው ልጅ። «ፎቶውን አይቸዋለሁ። ፕራዶ ነው። ንጋቱ የሚነዳው እኮ ሌክሰስ ነው። ደግሞ የሚነሣው ሰኞ ነው።»

«ሴትዮዋ ቀኑን አስቀድማዋለች። ትናንት ወደ ማታ ራሷ ደወለችልኝ፤ እያለቀሰች። ከእሷ አንደበት ነው የሰማሁት።» መሪጌታ መቋሚያቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «እናቱ አልሰማችም። ልንወጣ ስንል የጎረቤት ልጅ ይኸንኑ ወሬ ከስልክ ላይ ሲያነብ ደረሰች። ደሜ ቀጥ አለ። እሷ ግን ‹የኔ ልጅ ሌክሰስ ነው የሚነዳው፤ ለዚያኛዋ እናት ያጽናት› ብላ አማተበችና ጌሾዋን ልትወቅጥ ገባች። ለንጋቱ መምጫ ጠላ እየጠመቀች ነው።»

አቶ ወርቁ በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

«ነገ ጠዋት መርዶውን ስነግራት ይህንኑ ትለኛለች» አሉ መሪጌታ። «ፕራዶ ነው የተባለው፣ የኔ ልጅ አይደለም ትለኛለች። ምን ብዬ ልመልስላት? አንቺ ተማሪ ነሽ። ምንድነው ልዩነታቸው?»

እድላዊት ዓመት ሙሉ በቃሏ ያጠናችው መልስ ነው። እንዲህ ይከብዳል ብላ አላሰበችም።

«አንድ ናቸው የኔታ። አንድ ፋብሪካ ነው የሚሠራቸው። አንዷ ውድ ናት፣ አንዷ ሁሉም ሰው ያውቃታል። የሚለያቸው ምልክታቸው ነው። ፊት ለፊት ሲያዩዋት ሌላ ናት። ስትገለበጥ ግን… ሰው የሚያውቀውን ስም ነው የሚጠራው።»

«ምልክታቸው» አሉ መሪጌታ። ድጓ ላይ ለዜማው የሚጻፉትን ጥቃቅን ፊደላትም ምልክት ነው የሚሏቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያስተምሩት የኖሩት እሱን ነው። «ቤተ ልሔም ድጓ ስማር ከአጫብር ዜማ ልጆች ጋር እንዲሁ እንሟገት ነበር። የኛ ዜማ ይበልጣል፣ የናንተ ያንሳል እየተባባልን። አባቱ ግን ያው ያሬድ ነው።» መቋሚያቸውን መሬቱ ላይ ተክለው ወደ መጡበት መንገድ አዩ። «ይህን ለእናት እንዴት አድርጌ ነው የምነግር?»

ከዚያ የሚሆነውን አስረዷት። አስከሬኑ ነገ እኩለ ቀን ላይ ይደርሳል። ሀና አሁን ተነሥታ አብራቸው ትሄዳለች፤ ማታ ቤቷ ትገባለች። ሲነጋ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ ለእናትና ለልጅ ባንድነት መርዶው ይነገራል። እስከዚያ ማንም አንዲት ቃል አይተነፍስም።

«እናትሽን ትንሽ አሟቸዋል በያት። ሌላ ነገር እንዳትጨምሪ» አሉ መሪጌታ። «መንገዱ ገደል ለገደል ነው፤ መርዶ በእንዲህ ያለ መንገድ አይነገርም። ሰው መሀል፣ ቤቷ ገብታ፣ የሚይዛት እያለ ነው። ሰማሽኝ?»

«ሰምቻለሁ የኔታ።»

«እኛ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ እንጠብቃታለን። እንዳትጠረጥር።»

ሀና ስትመጣ እድላዊት ክሰሉን እያራገበች ነበር። ያልተያያዘ ክሰል ነው። ሀና እርጥብ ልብሷን አጥሩ ላይ ዘረጋችና እጇን በቀሚሷ እያደረቀች ገባች።

«የኔታ መጥተዋል» አለች እድላዊት ዓይኗን ከምድጃው ሳታነሣ። «እናትሽን ትንሽ አሟቸዋል። አንቺን ሊወስዱሽ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ እየጠበቁሽ ነው።»

«ምን ሆነች?»

«እኔ እንጃ። ብዙም አይደለም አሉ።»

ሀና ቦርሳዋን ከምስማሩ አውርዳ ልብስ መክተት ጀመረች። አንድ ቀሚስ ከተተች፣ አወጣችው፣ መልሳ ከተተችው። እጇ ሲሠራ አፏም አላረፈም።

«ፎቶውን አየሽው አይደል? ፕራዶ ነው። ሌክሰስ ቢሆን ሌክሰስ ብለው ነበር የሚጽፉት። እንዲያ ያለ ውድ መኪና እኮ ስሙን አይስቱትም። ቪትዝ አይደል፣ ኮሮላ አይደል። ሌክሰስ ገደል ቢገባ አገር ነበር የሚያወራው። ፖሊሱም ያውቀዋል፣ ትራፊኩም ያውቀዋል። በረኛ እንኳ ያውቀዋል። ንጋቱ ምን እንደሚል ታውቂ የለ? ሌክሰስን ቶዮታ የሚል ሰው አዲስ አበባ ውስጥ የለም ነው የሚል። ስለዚህ ፕራዶ ነው ካሉ ፕራዶ ነው ማለት ነው። እድሌ፣ አይለያዩም?»

እድላዊት አንድ ነገር ብቻ ነው የፈለገችው፤ ይህች ልጅ እስከ ነገ ጠዋት ወንድም ይኑራት። እሷ ልትሰጣት የምትችለው ደግሞ ይህቺን አንዲት ቃል ብቻ ነው።

«ይለያያሉ» አለች።

«እ?»

«ይለያያሉ። ፕራዶ ሌላ፣ ሌክሰስ ሌላ። ጭራሽ አይገናኙም።»

ሀና ቦርሳውን ለቀቀችው። እድላዊት ያደረገችውን ያወቀችው ያን ጊዜ ነው። የጓደኛዋ ፊት ቀስ ብሎ ሲለወጥ አየችው፤ አፏን ብትይዝም፣ የተናገረችውን ብትውጠውም አልፏል።

«አንድ ቀን እሽ ብለሽኝ አታውቂም» አለች ሀና ዝግ ባለ ድምፅ። «አንድ ቀን። ለምኜሽ እንኳ። ታምሜ ተኝቼ እንኳ ያው ናቸው ነው ያልሽኝ።»

«ሀና…»

«እሱ ነው?»

ቀድማ ማልቀስ የጀመረችው እድላዊት ነበረች።

ሀና ፍራሹ ላይ ቁጭ አለች። ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰችና ጎንበስ ብላ በነጠላው ውስጥ ጮኸች፤ ከጎን ያሉት ተከራዮች የማይሰሙት ዓይነት ጩኸት። እድላዊት ከኋላዋ አቀፈቻት። ቤቱ ጠባብ ነው፣ ግድግዳው ስስ ነው፤ ውጭ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፣ ቆርቆሮው ላይ አንዴ ጓ አደረጉት። እድላዊት «እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ» ትላለች። ምኑን እንደምትል እሷም አታውቅም። ንጋቱ እሷ የመኪናዋን ምልክት እንድትነካ ሲል ሊመጣ ነበር የሚለው ሐሳብ ከጭንቅላቷ አልወጣ ብሎ ነው።

ብዙ ቆይታ ሀና ነጠላውን ከአፏ አወጣች።

«እናቴ ሰማች?»

«አልሰሙም። ፕራዶ ነው ብለው… ተመስገን ብለው ገብተዋል። ጠላ እየጠመቁ ነው አሉ። ሲነጋ ነው የሚነገራቸው። ለሁለታችሁም።»

ሀና ዓይኗን ጨፈነች። እድላዊት፣ ሀና አሁን ትነሣለች፣ ወጥታ ትሮጣለች፣ የኔታ ላይ ትጮኻለች ብላ ጠበቀች። ብታደርገውም አይፈረድባትም ነበር።

«እንግዲያ አልነገርሽኝም» አለች ሀና።

«ምን?»

«አልነገርሽኝም፣ አልሰማሁም። እናቴን አሟት ነው የምሄደው።» ፊቷን በእጇ መዳፍ ጠረገች፤ ወዲያው እንደገና ረጠበ። «እኔ እያለቀስሁ መንገድ ከወጣሁ ያገኘኝ ሁሉ ያየኛል። ወሬው ቀድሞኝ ይገባል። እናቴ ብቻዋን ጌሾ እየወቀጠች ትሰማዋለች። ወይ እኔን ያየች ለት ታውቀዋለች። ዛሬ ትተኛ። አንድ ሌሊት ትተኛ።»

«አትችይውም ሀና። አጠገቧ ተኝተሽ?»

«አላውቅም» አለች ሀና። «አንቺ ስትችዪው አይቼ የለ? አንድ ሰዓት እንኳ ባይዘልቅልሽም።» ለመሳቅ ሞክራ ነበር፤ አልሆነላትም።

እድላዊት ጆጉን ውኃ ሞልታ አመጣችና የሀናን ፊት አጠበችላት። ቀዝቃዛውን ውኃ ዓይኗ ላይ ደጋግማ አደረገችላት። ሰኞ የሒሳብ ፈተና አለ፤ ለሱ ሲሉ ነበር በዚህ ሳምንት ወደ ቤት ያልሄዱት። እድላዊት የሒሳብ ደብተሯን ከቦርሳዋ አውጥታ ፍራሹ ሥር አስገባችና በምትኩ ነጠላዋን ከተተች። ሀና አየቻት፤ ቅሪ አላለቻትም።

መሪጌታ እድላዊትንም ከነቦርሳዋ ሲያዩ ግንባራቸው ተቋጠረ፤ ግን አልከለከሏትም። ሀና ቀረብ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች።

«እናቴ ምን ሆነች የኔታ?»

«ብርድ ነው መሰለኝ። ደኅና ትሆናለች» አሉ መሪጌታ። እጃቸውን ራሷ ላይ አኑረው ትንሽ አቆዩት።

የከተማዋን ጫፍ ሊለቁ ሲሉ ክንዱ ከጉብታው ላይ ስልኩን ይዞ ሲሮጥ አዩት። በሩቁ እጁን ያውለበልባል። ቀርቦ መሪጌታንና መቋሚያቸውን፣ አቶ ወርቁንና አቧራቸውን ሲያይ ርምጃው ዘገየ፤ የገጠር ልጅ ነው፣ ሁለት ሽማግሌ በዚህ ሰዓት ልጅ ሊወስድ ሲመጣ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ስልኩን ቀስ ብሎ ኪሱ ከተተው።

«ክንዱ!» ሀና ድምፅዋን ከፍ አደረገች። «ሰኞ ከቀረሁ እናቷ ታማ ነው በልልኝ ለመምህሩ።»

«እሽ» አለ ክንዱ።

ከወገዳ ሲወጡ መንገዱ የታጨደውን የገብስ ማሳ ሰንጥቆ ወደ ገደሉ አፋፍ ያቀናል። ሀና ከአቶ ወርቁ ጋር ከፊት ሆነች። ጀርባዋ ቀጥ ያለ ነው፤ የሚያያት ሰው ወደ ገበያ የምትሄድ ነው የሚላት። ካገኙት መንገደኛ ሁሉ ጋር ሰላምታ ተለዋወጠች። አንዲት እህል የጫነች አህያ የምትነዳ ሴት «እናትሽ ደኅና ናት?» ስትላት «እግዚአብሔር ይመስገን» አለቻት፤ ትንሽ ራመድ ብላ «ትንሽ አሟታል እንጂ» ብላ ጨመረች።

መሪጌታ ወደ ኋላ ቀሩና ከእድላዊት ጎን መራመድ ጀመሩ።

«ልጄ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ጠረጠረች እንዴ?»

እድላዊት ቀና ብላ አየቻቸው። ፊደል ያስቆጠሯት ሰው ናቸው። በሕይወቷ አንድ ጊዜ እንኳ ዋሽታቸው አታውቅም፤ ቤተ ክርስቲያን ሳትሄድ ቀርታ እንኳ ስትጠየቅ ተኝቼ ነው ብላ እውነቱን ትናገር ነበር። የንጋቱ ነገር ፊታቸውን ባንድ ቀን አስረጅቶታል፤ እሳቸውም እስከ ነገ ድረስ ማልቀስ አይችሉም።

«የለም የኔታ» አለች። «ምንም አልጠረጠረችም።»

«ተመስገን» አሉ መሪጌታ። «ተመስገን። ይህቺን ሌሊት እንኳ ትረፍ።»

ከፊታቸው ሀና የእናቷ ሕመም ከየት እንደጀመራት አቶ ወርቁን ትጠይቃለች። አቶ ወርቁ ጨንቋቸው አንዴ ራሷን፣ አንዴ ወገቧን ይሏታል። ሀናም አንዱን ከአንዱ ሳታጋጭባቸው «እሽ፣ እሽ» እያለች ትሰማቸዋለች። እድላዊት ርምጃዋን ፈጠን አድርጋ ደረሰችባትና እጇን ያዘቻት።